ስለ ሊባኖስ የአፈር ጣራ

ሐዝሚዬ ከቤይሩት በስተ ደቡብ ምሥራቅ፥ በሊባኖስ ተራራ ግርጌ የምትገኝ ናት። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1863 ዓ.ም. ተፈጽሞ የተከፈተው የደማስቆ መንገድ በርስዋ አልፎ ወደ ተራራው ይወጣል።

በቀድሞ ዘመን የተራራው ገበሬ ቤቱን ከጎረቤቶቹ ጋር በገዛ እጁ ይሠራ ነበር። ግድግዳውን ከስፍራው ድንጋይ ይክባል፤ ከላይ ወፍራም እንጨት አጋድሞ ጭራሮ ይደለድላል፤ በዚያም ላይ አፈር ያለብሳል። ነገር ግን ይህ ጣራ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ አይደለም። ዝናብ ሲዘንብ ባለቤቱ ወጥቶ በድንጋይ መዳመጫ ካልዳመጠው ውሃው ሰርጎ ያፈስሳል፤ ሣርም ይበቅልበታል። በኢትዮጵያም በጤፍ ጭድ ተቦክቶ በደቦ የተመረገ ግድግዳ ሲሰነጠቅ እንደገና ይለሰናል።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ሽባውን ያወረዱት ሰዎች የነደሉት ጣራ ይህን የመሰለ ነበር። በእጅ የተሠራ ስለ ሆነ በእጅ ይነደላል፤ በእጅም ይጠገናል። በመዝሙር 128 የተነገረው የሰገነት ሣርም ከዚሁ አፈር የበቀለ ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት ከማርሴይ በመርከብ የመጣው ቀይ የሸክላ ክዳን በሊባኖስ ተስፋፋ፤ ኋላም ሲሚንቶ ተከተለ። ዛሬ ሐዝሚዬ በፎቅ ቤቶች የተሞላች ናት። በኢትዮጵያም ብዙ የሣር ክዳን በቆርቆሮ ተለውጧል። ድካሙ ቀለለ፤ የከዳኙ ጥበብ ግን ወራሽ እያጣ ነው። የፈረሰ ቤት እንደገና ይሠራል፤ ያላስተማሩት የእጅ ጥበብ ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።