ብረትና የሕዋስ አሟሟት፦ የአንድ ሙያዊ ቃል ታሪክና የአማርኛ አቻው

በምዕራብ አዲስ አበባ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የቤቴል ሠፈር ስሙ ዕብራይስጥ ነው፤ ፍችውም «የእግዚአብሔር ቤት» ማለት ነው። ቀራንዮ ደግሞ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን የራስ ቅልን ያመለክታል። የኦሪት ዘፍጥረት የግሪክኛ ትርጉም ቤቴልን በፍችው አስቀምጦታል፤ የላቲኑ ወንጌልም ቀራንዮን በራሱ ቃል ተክቶታል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን ሁለቱንም እንደ ድምፃቸው ተቀብሏል። ቤቴል ለመድረስ የቃሉን ፍች ማወቅ ስለማያስፈልግ፣ ለቦታ ስም ይህ አያስቸግርም። የበሽታና የሕክምና ስም ግን ከዚህ ይለያል፤ ሰው የሰማውን ስም ይዞ ይወስናልና። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ የአንድ አዲስ ሙያዊ ቃል ታሪክ ከመረመርን በኋላ፣ ቃሉ ከሐሞት ቱቦ ካንሰር ጋር ተያይዞ ወደ አማርኛ ሲገባ የሚያስከትለውን ችግር እንመለከታለን።

ቃሉ «ፌሮፕቶሲስ» ነው። የመጀመሪያው ክፍል «ፌሩም» ከተባለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን ብረት ማለት ነው፤ ሁለተኛው ክፍል መውደቅን የሚያመለክተው የግሪክኛ «ፕቶሲስ» ነው። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ2012 ያስተዋወቁት ስኮት ዲክሰን፣ ብሬንት ስቶክዌልና ባልደረቦቻቸው ናቸው። አርአያ የሆናቸው «አፖፕቶሲስ» የተሰኘው ቃል ነበር። ይህን ቃል ኬር፣ ዋይሊና ከሪ እ.ኤ.አ. በ1972 ያወጡት በአበርዲን ዩኒቨርሲቲ የግሪክኛ መምህር የነበሩት ጄምስ ኮርማክ ባቀረቡላቸው ሐሳብ መሠረት ሲሆን፣ የቅጠልን ከዛፍ መርገፍ ያመለክታል። ሐኪሞች ለግኝታቸው ስም ሲሹ የቋንቋ ሊቅን ማማከራቸው ለእኛ ለመዝገበ ቃላት ሠራተኞች ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ይሁንና ነገሩ ከስሙ ይቀድማል። ሲስቲን የተባለው ንጥረ ነገር የተነፈጋቸው ሕዋሳት እንደሚሞቱ ሃሪ ኢግል በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሳይተዋል። ሺሮ ባናይና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1977 በቫይታሚን ኢ ይህን ሞት መግታት እንደሚቻል ገለጹ። እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ ፉልቪዮ ኡርሲኒና ባልደረቦቻቸው የሕዋስን ሽፋን ስብ ከመበላሸት የሚጠብቅ ኤንዛይም አገኙ፤ ይህም ዛሬ ጂ ፒ ኤክስ 4 ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2001 ተመሳሳይ ክሥተት በነርቭ ሕዋሳት ላይ ሲጠና «ኦክሲቶሲስ» የሚል ሌላ ስም ተሰጠው። የአንዱ ተመራማሪ ግኝት ለሌላው ማስረጃ መሆኑ በሰፊው የታወቀው የጋራ ስያሜ ከተገኘ በኋላ ነው።

አሠራሩ በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። በሕዋስ ውስጥ ያለው ነፃ ብረት ከፔርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ የሽፋኑን ስብ የሚያበላሽ ሰንሰለታዊ ሂደት ይቀሰቅሳል። ሕዋሱ ከሲስቲን በሚያዘጋጀው ግሉታታዮንና በጂ ፒ ኤክስ 4 አማካይነት ይህን ይከላከላል። መከላከያው ሲሸነፍ ሽፋኑ ይፈርሳል፤ ሕዋሱም ይሞታል። ብረትን አስሮ የሚይዝ መድኃኒት ሲጨመር ሞቱ ይገታል። እንግዲህ የሚሞተው ብረቱ አይደለም፤ ብረት ሞቱ ያለ እርሱ የማይፈጸም ቅድመ ሁኔታ ብቻ ነው። የሚበላሸውም የሽፋኑ ስብ ነው።

የሐሞት ቱቦ ካንሰር ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ የሚታወቅና ለማከም የሚያስቸግር በሽታ ነው። ተመራማሪዎች የካንሰሩ ሕዋሳት ሲስቲን የሚያስገቡበትን በር በመዝጋት ወይም ጂ ፒ ኤክስ 4ን በማዳከም ሊገደሉ ይችሉ እንደሆነ በቤተ ሙከራ ይመረምራሉ። ሆኖም በዚህ መንገድ እንዲሠራ ታስቦ ለሐሞት ቱቦ ካንሰር የጸደቀ መድኃኒት እስካሁን የለም። ተርጓሚ «ሊገድል ይችላል» የሚለውን «ይፈውሳል» ወደሚል እንዳያሻግር መጠንቀቅ አለበት።

አሁን ወደ አማርኛው እንመለስ። «ሐሞት» የአካል ፈሳሽ ስም ብቻ አይደለም፤ የወኔ መኖሪያም ነው። «ሐሞቱ ፈሰሰ» ማለት ድፍረቱን አጣ ማለት ስለሆነ፣ ስለ ሐሞት መፍሰስና አለመፍሰስ የሚጻፍ የሕክምና ማብራሪያ «ቱቦ» የሚለውን ቃል ሊዘነጋ አይገባም። «ነቀርሳ» ለካንሰር ያገለግላል፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ግን የቲቢ ስም ነው። ስለዚህ «ካንሰር» የሚለውን የውሰት ቃል እንመርጣለን። የሐሞት ቱቦ ሲዘጋ ዐይንና ቆዳ ቢጫ ይሆናሉ፤ ሕዝቡ ይህን ምልክት «የወፍ በሽታ» ይለዋል። ተርጓሚ ይህን የተለመደ ስም ሲጠቀም፣ ቢጫነቱ ምልክት እንጂ ራሱ በሽታው አለመሆኑን ካላስረዳ፣ በሽተኛው ወደ ሐኪም መሄድ ሲገባው በቤቱ ሊቆይ ይችላል።

«ሕዋስ»ም ታሪክ አለው። በ«አምስቱ ሕዋሳት» የስሜት መቀበያን ያመለክታል፤ በሳይንስ የሕይወት መሠረታዊ አሐድ፣ በፖለቲካ ደግሞ የፓርቲ አነስተኛ ቡድን ሆኗል። «ብረት»ን ከግእዙ «ብርት» ጋር ብናስተያይ፣ በግእዝ «ብርት» የመዳብና የነሐስ ስም ሲሆን ብረት ግን «ሐፂን» እንደሚባል እናገኛለን። ከ«ሐፂን» አዲስ ቃል መመሥረት ይቻላል፤ ነገር ግን ለአንባቢው ከ«ፌሮፕቶሲስ» እምብዛም የቀለለ አይሆንም።

ከሁሉ የሚያሰጋው በእንግሊዝኛው ማብራሪያ ውስጥ በብረት ላይ መመሥረትን የሚገልጸውን ቃል «ጥገኛ» ብሎ መተርጎም ነው። «ጥገኛ» በአማርኛ ሕክምና በሌላ ፍጡር አካል የሚኖር ትልም ነው። በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ከጥሬ ዓሣ የሚመጣ የጉበት ትል ለሐሞት ቱቦ ካንሰር ዋና መንሥኤ ነው። ስለዚህ «ብረት-ጥገኛ ሞት» የሚለውን ያነበበ ሰው ስለ ትሉ የተነገረ ሊመስለው ይችላል። «የብረት ሞት»ም ብረት የሚሞት ወይም የሚገድል ያስመስላል።

አማርኛ «አነጋገር»፣ «አኗኗር»፣ «አሟሟት» እንደሚሉት ያለ የሁኔታ ስም ስላለው፣ የሞትን ዐይነት ከሞት ራሱ ለመለየት ያመቻል። ስለዚህ የሚከተለውን እናቀርባለን፦ ለባለሙያ «ፌሮፕቶሲስ»፤ ለሰፊው አንባቢ «ብረት-አገዝ የሕዋስ አሟሟት»። «አገዝ» ብረት የግድ መኖሩን በሙሉ ስለማይገልጽ፣ «ያለ ብረት የማይፈጸም፣ በሽፋን ስብ መበላሸት የሚደርስ» የሚል ፍች ሊከተለው ይገባል። ቃሉ በካንሰር ሕዋስ ውስጥ ያለን ሂደት እንጂ ከምግብ ወይም ከክኒን የሚገኝን ብረት አያወግዝም። ለደም ማነስ የብረት ክኒን የታዘዘላት ነፍሰ ጡር ይህን ስም ሰምታ መድኃኒቷን ብታቋርጥ፣ ጉዳቱ ከተመራማሪው ቤተ ሙከራ ሳይሆን ከመዝገበ ቃላቱ ገጽ የመጣ ይሆናል።