መቅደስ ውስጥ የተሰቀለ ሒሳብ

ጎኑ 16 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ይሥሩ። የኮምፓሱን መርፌ ከታች በግራ ጥግ ተክለው፣ እርሳሱን እስከ ቀኙ ጥግ ዘርግተው፣ በካሬው ውስጥ ሩብ ክብ ያዙሩ። መርፌውን ወደ ቀኝ ጥግ አዛውረው ይድገሙት። ሁለቱ ቅስቶች ከላይ ተቋርጠው ጫፉ የሾለ መስኮት የመሰለ ቅርጽ ይወጣል። በመስኮቱ ውስጥ የካሬውን ታችኛ ጎንና ሁለቱን ቅስቶች የሚነካ ትልቅ ክብ ያስገቡ። ከሾለው ጫፍ በላይ በቀረችው ጠባብ ቦታ ደግሞ የላይኛውን ጎንና ሁለቱን ቅስቶች የምትነካ ትንሽ ክብ ትገባለች። የክቦቹ ሬዲየስ ስንት ስንት ነው?

በኢዶ ዘመን ጃፓን እንዲህ ያለው ጥያቄ በቀለም ተሥሎ በሺንቶና በቡድሃ መቅደሶች ጣሪያ ሥር ይሰቀል ነበር። ከእንጨት የሚሠራው ይህ ሰሌዳ ሳንጋኩ ይባላል፤ የሒሳብ ሰሌዳ እንደማለት ነው። በጃፓን ጥንታዊ ልማድ ለመቅደስ ፈረስ ይሰጥ ነበር፤ ፈረስ ያልተቻለው የፈረስ ሥዕል በእንጨት ላይ አሥሎ ይሰቅል ነበር። የሒሳቡ ሰሌዳም የዚሁ ልማድ ዘመድ ነው። ስለቱ ሲደርስለት ጃንጥላና ጧፍ ይዞ ደብር የሚሄድ ሰው ላየ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። እኔን የሚያስደንቀኝ የስጦታው ዓይነት ነው፤ ሰው ሌሊት ከሌሊት ሲያወጣ ሲያወርድ የከረመበትን የክብና የካሬ ጥያቄ ለአምላኩ ይገባል ብሎ ማሰቡ።

ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1639 ፖርቱጋሎችን ካስወጣች በኋላ ከአውሮፓውያን ናጋሳኪ ላይ እንዲነግዱ የተፈቀደላቸው ሆላንዶች ብቻ ነበሩ። በዚያ ዝግ ዘመን ዋሳን የተባለው የአገሬው ሒሳብ በራሱ መንገድ አደገ። እስከ ዛሬ ከተረፉት ወደ 900 የሚጠጉ ሰሌዳዎች ቀደምት የሚባለው የ1683 ነው። ሰቃዮቹ ሳሙራይ፣ ነጋዴና ገበሬ ነበሩ፤ የሴቶችና የልጆች ስም ያለባቸውም አሉ። ጽሑፉ የሊቃውንቱ ቋንቋ በነበረው በጥንታዊ ቻይንኛ ነው፤ ግዕዝ ለእኛ ሊቃውንት እንደነበረው ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሥዕሉ፣ ጥያቄው፣ መልሱና አጭር ቀመር ይጻፋል እንጂ መልሱ የተገኘበት መንገድ ተዘርዝሮ አይቀመጥም። መንገዱን መፈለግ የአላፊ አግዳሚው ድርሻ ነበር።

እስቲ እኛም እንፈልገው። ትልቁ ክብ ሬዲየሱ 16 በሆነው ሩብ ክብ ውስጥ ሆኖ ቅስቱን ስለሚነካ፣ ከካሬው ጥግ እስከ ትልቁ ክብ መሐል ያለው ርቀት ከ16 ላይ የክቡ ሬዲየስ ሲቀነስ የሚቀረው ነው። የክቡ መሐል ከጥጉ ወደ ጎን 8 ይርቃል፤ ከታችኛው ጎን ያለው ከፍታም ያው ሬዲየሱ ነው። በፓይታጎረስ ሕግ ሲሰላ ሬዲየሱ 6 ይሆናል። ትንሿ ክብ ከቅስቱ ውጭ ስለሆነች ለእሷ ርቀቱ በ16 ላይ ሬዲየሷ ሲደመር የሚገኘው ነው፤ ከፍታው ደግሞ ከ16 ላይ ሬዲየሷ ሲቀነስ። ሬዲየሷ 1 ይወጣል። አሁን የተደበቁትን ሦስት ማዕዘኖች ይመልከቱ። በትልቁ ክብ በኩል ጎኖቹ 6፣ 8 እና 10፣ በትንሿ በኩል 8፣ 15 እና 17 ናቸው። በክብና በቅስት ብቻ የተሞላ ሥዕል ከውስጡ ያለ ስብርባሪ ሙሉ ቁጥር ይሰጣል። ይህን ያየ ሰው እንጨት አስጠርቦ ቀለም ቢያስቀባ አልፈርድበትም።

ፉጂታ ካገን በ1789 የሰሌዳዎችን የመጀመሪያ ስብስብ አሳተመ። የሒሳብ መምህሩ ያማጉቺ ካንዛን ደግሞ ከ1817 ጀምሮ ከአገር አገር እየተጓዘ ያገኛቸውን በዕለት ማስታወሻው ከተበ። በ1872 የወጣው የትምህርት ሕግ የምዕራቡን ሒሳብ ሲያስገባ ዋሳን ከትምህርት ቤት ወጣ፤ ሰሌዳዎቹም ተረሱ። የሁለተኛ ደረጃ መምህሩ ሂዴቶሺ ፉካጋዋ ለዓመታት ሲያሰባስባቸው ቆይቶ፣ በ1989 ከሒሳብ ሊቁ ዳን ፒዶ ጋር በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አወጣላቸው።

ከሁሉ አንዱን ልጥቀስ። በኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለመው ፍሬደሪክ ሶዲ በ1930ዎቹ፣ እርስ በርስ የሚነካኩ ስድስት ሉሎች በሌሎች ሉሎች መካከል ተያይዘው ቀለበት እንደሚገጥሙ አሳይቶ ስሙ በዚህ ይጠራል። ያንኑ ነገር የያዘ ሰሌዳ ግን በ1822 ሳሙካዋ መቅደስ ውስጥ ተሰቅሎ ነበር። ሰሌዳው ራሱ ጠፍቷል። መኖሩን ያወቅነው ኡቺዳ የተባለ ሰው ገልብጦ በ1832 ባሳተመው መጽሐፍ ስላስቀረው ነው።