የሽቱትጋርቷ እመቤት ደብዳቤዎች

ስሙኝማ፤ የማወራላችሁ ተረት አይደለም። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ ለንደን ከተማ ውስጥ፣ አስማት የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነበረ። ደረጃ ነበረው፣ ፈተና ነበረው፣ የስም መዝገብ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1888 ተከፈተ፣ በ1903 ተበተነ፤ ዘመኑን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። ስሙ የወርቃማው ንጋት ማኅበር ይባላል። በዚያ ደጅ ባለቅኔ ገብቷል፣ ተዋናይት ገብታለች፣ የሻይ ነጋዴ ልጅ ገብታለች፣ ሐኪምና ቄስም ገብተዋል። ያፈረሰውም ከውጭ የመጣ ጠላት አይደለም።

ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

ዊሊያም ዊን ዌስትኮት የሚባል ሐኪም ነበረ። የመንግሥት ሥራው በሰሜን ምሥራቅ ለንደን ሰው በድንገት ሲሞት አሟሟቱን መርምሮ ብይን መስጠት ነው። ቀን ቀን ከሬሳና ከምስክር ጋር ይውላል፤ ማታ ማታ ግን ካባላ የሚባለውን የአይሁድ ምሥጢራዊ ትምህርት፣ የኮከብ ቆጠራንና የጥንት ግብፅን ሥርዓት ሲመረምር ያመሻል። ፍሪሜሶን የሚባለው የምሥጢር ማኅበር አባልም ነበረ። ይህ ሰው በምሥጢር ፊደል የተጻፉ፣ ወደ 60 የሚጠጉ ወረቀቶች እጁ ገቡ። የፊደሉ መፍቻ ትሪቴሚየስ የተባለው ጀርመናዊ መነኩሴ ከጻፈው አሮጌ መጽሐፍ የተወሰደ ስለነበር ዌስትኮት ለመፍታት ብዙ አልተቸገረም። ሲፈታው የአንድ ምሥጢራዊ ማኅበር የአባላት አቀባበል ሥርዓት ንድፍ ሆኖ አገኘው። ከወረቀቶቹም ጋር አድራሻ ነበረ ይላል፤ አና ሽፕሬንገል የምትባል እመቤት፣ አገሯ ጀርመን፣ ከተማዋ ሽቱትጋርት።

እሱ እንደሚለው ጻፈላት፤ እሷም መለሰች። በእንግሊዝ አገር ቅርንጫፍ እንዲከፍት ፈቀደችለት። አልፋም በስሟ እንዲፈርም ሥልጣን ሰጠችው። ይህን የፊርማ ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ዌስትኮት ሁለት ሰዎች ጨመረ። አንዱ ዶክተር ዉድማን ነው፤ ሽማግሌ ነበረና በ1891 መጨረሻ ሞተ፤ ከታሪካችንም ይወጣል። ሁለተኛው ግን የማይወጣ ሰው ነው፤ ሳሙኤል ሊደል ማዘርስ። የለንደን ልጅ ሆኖ ሳለ የስኮትላንድ ደጋ መሳፍንት ዘር ነኝ ብሎ በስሙ ላይ ማክግሬጎርን ጨመረ። ኪሱ ባዶ፣ ጭንቅላቱ ሙሉ ሰው ነበረ። ውሎው የብሪቲሽ ሙዚየም ማንበቢያ አዳራሽ ነው። ከላቲንና ከፈረንሳይኛ፣ ከዕብራይስጥም ይተረጉም ነበር፤ በንጉሥ ሰሎሞን ስም የሚጠራውን የአስማት መጽሐፍ በ1889 ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ያሳተመው እሱ ነው። የወደፊት ሚስቱንም ያገኘው እዚያው ሙዚየም ውስጥ ነበር። ሚና በርግሰን ትባላለች፤ የሥዕል ተማሪ፣ የፈላስፋው የአንሪ በርግሰን እህት። ማርች 1888 የማኅበሩ ቤተ መቅደስ ሲከፈት መጀመሪያ ገብታ ቃል ኪዳን የፈጸመችው እሷ ናት።

አሁን ወደ ውስጥ ልውሰዳችሁ። አዲሱ ተማሪ ዓይኑ ተሸፍኖ፣ ወገቡ ላይ ገመድ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞበት ከደጅ ይቆማል። ውስጥ ሹማምንቱ ካባቸውን ለብሰው፣ በትራቸውን ይዘው፣ በየማዕዘናቸው ተቀምጠዋል። ይገባል፤ ይከለከላል፤ በውኃና በዕጣን ይነጻል። ተንበርክኮ ምሥጢሩን ላያወጣ ይምላል። ከዚያ በኋላ ነው መሸፈኛው ከዓይኑ ላይ የሚነሳው። በነጋታው ግን አስማት አይሰጠውም፤ የቤት ሥራ ነው የሚሰጠው። ሃያ ሁለቱን የዕብራይስጥ ፊደላት ከነቁጥራቸው፣ የሰባቱን ከዋክብት ምልክት፣ አሥራ ሁለቱን የኮከብ ቤቶች፣ ሰፊሮት የሚባሉትን አሥሩን የካባላ የመለኮት መገለጫዎች በቃሉ ይይዛል። የመምህራኑን ጽሑፍም፣ የቆሎ ተማሪ ድጓውን እንደሚገለብጥ፣ በገዛ እጁ እየቀዳ ያስቀምጣል። ፈተናውን ካለፈ ቀጥሎ ወዳለው ደረጃ ይሄዳል።

ታችኞቹን ደረጃዎች ጨርሶ ወደ ውስጠኛው ማኅበር የተጠራ ደግሞ የእጅ ሥራ ይጠብቀዋል። በትሩን ራሱ ይጠርባል፣ ጽዋውንና ሰይፉን ራሱ ቀለም ይቀባል፣ ስሞቹን በላያቸው ይጽፋል፣ ይቀድሳቸዋል። ከሁሉ በላይ የነበረው ክፍል ሰባት ግድግዳ አለው። እያንዳንዱ ግድግዳ ቁመቱ ስምንት ጫማ፣ ስፋቱ አምስት ጫማ ሆኖ በ40 አራት ማዕዘኖች ተከፍሏል፤ እያንዳንዱ አራት ማዕዘን የየራሱ ምልክትና የየራሱ ቀለም አለው። መሀሉ ላይ የሬሳ ሣጥን አለ። ይህን ሁሉ የሠሩት ቀን ቀን ቢሮ የሚውሉ፣ መድረክ ላይ የሚተውኑ፣ ሕመምተኛ የሚያክሙ ሰዎች ናቸው። ለእኔ የዚህ ትምህርት ቤት ክብሩ እዚህ ላይ ነው። ጥበቡን አመናችሁም አላመናችሁም፣ እነዚያ ሰዎች በትጋት ተምረዋል።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ማዘርስ ለላይኞቹ ተማሪዎች ካዘጋጃቸው ትምህርቶች ትልቁ «የሄኖክ አስማት» የሚባለው ነበር። መነሻው ጆን ዲ ነው፤ በ1580ዎቹ የኖረ የንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን ሊቅ። አውሮፓ መጽሐፈ ሄኖክን አጥታ ስለነበር፣ ዲ የጠፋውን የሄኖክ ጥበብ ከመላእክት አፍ ለመስማት ዓመታት በመስተዋት ፊት ተቀመጠ። በዚያው ዘመን እኛ አገር መጽሐፉ በግዕዝ ሙሉውን ነበረ፤ ከመጻሕፍት ጋር ተቆጥሮ ይነበብ ነበር። ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ጉዞው ይዞት እስኪመለስ፣ ሪቻርድ ሎረንስም በ1821 ተርጉሞ እስኪያሳትመው ድረስ ያ ሁሉ ጠበብት የፈለገው እዚህ ነበረ። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ልቤ ይነካል።

እንቀጥል። ማኅበሩ አደገ። ከለንደን ቀጥሎ በዌስተን ሱፐር ሜር፣ በብራድፎርድ፣ በኤድንብራ፣ ኋላም በፓሪስ ቤተ መቅደስ ተከፈተ። በ1896 የተመዘገቡት ከ300 አልፈው ነበር። ሴቱም ወንዱም እኩል ይገባ ነበር፤ ፍሪሜሶኖች ለሴት ደጃቸውን በዘጉበት ዘመን እዚህ ሴት ቤተ መቅደስ ትመራ ነበር። ባለቅኔው ዊሊያም በትለር ዬትስ በ1890 ገባ። ተዋናይቷ ፍሎረንስ ፋር ገባች። የሻይ ባለሀብቱ የሆርኒማን ልጅ አኒም ገባች። ይህቺ አኒ በ1894 ፋር ለንደን ላይ ላሳየችው ቴአትር ስሟን ደብቃ ገንዘቡን የከፈለች ሴት ናት። እንዲህ ነበሩ፤ አንዱ የሌላውን ሥራ የሚሸከም።

ማዘርስንም ስትሸከም የነበረችው እሷ ናት። በአባቷ ሙዚየም ሥራ አስገኘችለት፤ ሥራውን አጣ። ከሚስቱ ጋር በ1892 ፓሪስ ሲገቡ ደግሞ ገንዘብ ትልክ ጀመር። ሰውየው ከፓሪስ ሆኖ ለንደንን መግዛት ፈለገ። የፖለቲካ ሕልምም ገባበት። አኒ መከረችው፣ ተቆጣችው፣ በመጨረሻም በ1896 ገንዘቡን አቆመች። እሱም በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ከማኅበሩ አባረራት። ጓደኞቿ ትመለስ ብለው ተፈራርመው ጠየቁት፤ አልሰማም። በቀጣዩ ዓመት ዌስትኮትም ለቀቀ። የማኅበሩ ወረቀቶች በሠረገላ ውስጥ ተረስተው አለቆቹ እጅ ገቡ ይባላል፤ ሬሳ መርማሪ ሹም አስማተኛ ሊሆን አይገባም ተብሎ ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ሆነ። ደመወዙን መረጠ። የለንደኑ አመራር በፍሎረንስ ፋር ላይ ወደቀ።

ከዚያ አሌስተር ክራውሊ መጣ። በ1898 ገባ፤ ወጣት፣ ሀብታም፣ ፈጣን ተማሪ። የለንደን አለቆች ግን ጠባዩን አይተው ወደ ውስጠኛው ማኅበር አናስገባህም አሉት። ፓሪስ ሄደ፤ ማዘርስ በጃንዋሪ 1900 ተቀብሎ አሻገረው። ለንደን ይህን አልቀበልም አለች።

እንግዲህ ቤቱን ያናጋው ደብዳቤ የተጻፈው በዚህ ጊዜ ነው። ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1900፣ ከማዘርስ ለፍሎረንስ ፋር። ፋር ማኅበሩን ትታ ለዌስትኮት ቦታ ልትለቅ ነው ብሎ ጠርጥሮ ነበርና ዌስትኮትን ሊያስጠላት ፈለገ። ዌስትኮት የማኅበሩ ሥልጣን ምንጭ ናቸው ከሚባሉት ስውር አለቆች ጋር ተገናኝቶ አያውቅም አላት። የሽቱትጋርቷ እመቤት ደብዳቤዎች ሐሰተኛ ናቸው፤ ወይ ራሱ ጽፏቸዋል ወይ አስጽፏቸዋል አላት። ለማንም አትንገሪ ብሎም በቃል አሰራት።

አስቡት። ይህች ሴት ለአሥር ዓመት የተማረችውና ያስተማረችው፣ ተማሪዎችን አንበርክካ ያስማለችው፣ በእነዚያ ደብዳቤዎች ሥልጣን ነው። ዝም ብትል የውሸቱ ተባባሪ ልትሆን ነው፤ ብትናገር ቤቱ ሊፈርስ ነው። ቀናት አሰበች። ከዚያም ተናገረች፤ እኔ ከዚህ ታሪክ ሰዎች ሁሉ እሷን የማከብርበት ምክንያት ይህ ነው። ሰባት ሰዎች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ዬትስም አንዱ ነበረ። ዌስትኮትን ጠየቁት። ምስክሮቹ ስለሞቱ ቃሉን በሕግ ፊት ማስረዳት እንደማይችል መለሰ። ማዘርስን ማስረጃ አምጣ አሉት፤ ለእናንተ መልስ አልሰጥም አለ። በፊርማ የጀመረው ነገር እዚህ ደረሰላችሁ። ኤሊክ ሃው የተባለ ጸሐፊ በ1972 ባሳተመው ጥናት ደብዳቤዎቹን በባለሙያ አስመርምሮ፣ ጀርመንኛው የጀርመን ተወላጅ እጅ የሌለበት፣ እንግሊዛዊ የጻፈው መሆኑን አሳይቷል። ያን ጊዜ ግን ይህን ያህል የሚያውቅ አልነበረም።

የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ ነው፤ ማዘርስ በዚያው ደብዳቤ እውነተኛዋ ሽፕሬንገል አሁን ፓሪስ ከእኔ ጋር ናት ብሎ ነበር። ሴትዮዋ በኋላ ማዳም ሆሮስ በሚል ስም የታወቀች አታላይ ነበረች። የሥርዓቱን ቅጂዎች ይዛበት ጠፋች።

የለንደን ጉባኤ ማዘርስን ከሥልጣን አወረደው። እሱም ክራውሊን ላከ። በአፕሪል 1900 ክራውሊ ሀመርስሚዝ ሰፈር፣ ብላይዝ ሮድ 36 ቁጥር ያለውን የማኅበሩን ቤት ቁልፍ ሰብሮ ያዘ። እነ ዬትስ አስለቀቁት። አፕሪል 19 ቀን ተመልሶ መጣ፤ የስኮትላንድ ደጋ ልብስ ለብሶ፣ ፊቱን በጥቁር ጭምብል ሸፍኖ፣ ደረቱ ላይ ትልቅ መስቀል አንጠልጥሎ፣ ጎኑ ላይ ጩቤ ታጥቆ። በሩ ላይ የቤቱ ባለቤትና ፖሊስ ቆመዋል። ፖሊሱ ሂድ አለው፤ ሄደ። ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ክሱን አንስቶ 5 ፓውንድ ወጪ ከፈለ። ባለሰባት ግድግዳው ክፍል የነበረበት ቤት የሰፈር ፖሊስ ጉዳይ ሆኖ ቀረ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልጨርስላችሁ። አኒ ሆርኒማን ተመለሰች፤ መዝገቡ ተዘበራርቆ፣ ፋር ደግሞ ለብቻ የሚሠሩ ትናንሽ ቡድኖችን በምሥጢር አቋቁማ አገኘች። ሁለቱ የቆዩ ወዳጆች ተጣሉ። ዬትስ በ1901 ማኅበሩ አንድ አካል ሆኖ እንዲቆይ የተማጸነበትን ጽሑፍ አሳትሞ አደለ፤ ድምፅ ሲሰጥ ተሸነፈ። በዲሴምበር ማዳም ሆሮስና ባሏ በአንዲት ለጋ ወጣት ላይ በተፈጸመ የመድፈር ወንጀል ለንደን ላይ ተፈረደባቸው፤ ለእሱ 15 ዓመት፣ ለእሷ 7 ዓመት። ከተሰረቀው ሥርዓት ውስጥ ቃለ መሐላው ችሎት ላይ ጮክ ተብሎ ተነበበ፤ ጋዜጦች ተቀባበሉት። በወንጀሉ የሌሉበት አባላት ስማቸው እንዳይነሳ ፈርተው ብዙዎቹ ወጡ። የማኅበሩ ስም ተለወጠ። በ1903 የቀሩትም ሁለት ቦታ ተከፈሉ፤ አርተር ኤድዋርድ ዌይት አንዱን ክፍል ይዞ አስማቱን ትቶ ወደ ክርስቲያናዊ ተመስጦ ሄደ፣ ዶክተር ፌልኪን ሌላውን ይዞ አስማቱን ቀጠለ።

ማዘርስ በ1918 ፓሪስ ሞተ። ዌስትኮት በ1925 ደቡብ አፍሪካ ደርባን ላይ አረፈ። ምሥጢር የተባለውን ሥርዓት ሁሉ እዝራኤል ሪጋርዲ ከ1937 ጀምሮ በአራት ቅጽ አሳተመው፤ ዛሬ ማንም ገዝቶ ያነበዋል። ዌይት ከማኅበሩ አባል ከፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ጋር በ1909 ያወጣው ታሮት የሚባል የጥንቆላ ካርታ ዓለምን አዳርሷል፤ ሥዕሎቹን ሁሉ የሣለችው ስሚዝ ግን የተከፈላት ጥቂት ነው፤ በ1951 በድህነት ሞተች። አኒ ሆርኒማን ደብሊን ላይ ለአቤ ቴአትር መቋቋሚያ ገንዘቧን ሰጠች፤ ድርሰቶቹ እዚያ መድረክ ላይ የወጡለት ዬትስ በ1923 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ፍሎረንስ ፋር በ1912 ዕቃዋን ሸክፋ ሲሎን ገባች፤ የዛሬዋ ስሪ ላንካ። እዚያ ለሴት ልጆች የተከፈተ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ሆና የታሚል ልጃገረዶችን ስታስተዳድር ቆየች። በ1917 ኮሎምቦ ላይ በካንሰር ሞተች።