መነጽር፦ ከሐኪም በፊት የገበያ ዕቃ

መነጽር ሲነሣ ዛሬ አብሮ የሚታሰበው የዐይን ሐኪም፣ የምርመራ ክፍልና ቁጥሩ የተጻፈበት የማዘዣ ወረቀት ቢሆንም፣ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ካስቆጠረው የመነጽር ታሪክ አብዛኛው ያለፈው ከሕክምና ውጭ፣ በመስታወት ሠሪዎች፣ በባለሱቆችና በአዟሪ ነጋዴዎች እጅ ነው። ገዢው አንዱን አንሥቶ ዐይኑ ላይ እያደረገ፣ ካልሆነው መልሶ ሌላውን እየሞከረ፣ በመጨረሻም በዋጋው ተከራክሮ የሚገዛው ዕቃ ነበር። ይህ ሲዘነጋ በመርካቶና በፒያሳ መንገዶች መነጽር ደርድሮ የሚሸጠው አዟሪ በቅርቡ የመጣ ብልሹ አሠራር ተደርጎ ይታያል፤ እርሱ ግን ከማዘዣው ወረቀት በብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድም ልማድ ወራሽ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብርሃን በመስታወትና በውኃ ውስጥ ሲያልፍ እንዴት እንደሚታጠፍ በጥልቀት ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ በ11ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በካይሮ የጻፈው ኢብን አል ሃይሠም ነው፤ ስለ ማየት ያዘጋጀው ትልቅ መጽሐፍም ወደ ላቲን ተተርጉሞ በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ ሲነበብ ኖሯል። ይሁን እንጂ ሁለት ሌንሶችን አጣምሮ አፍንጫ ላይ የማስቀመጡ ሐሳብ ከመጽሐፍ የተወለደ አይመስልም፤ በ1280ዎቹ መጨረሻ በጣሊያን፣ በፒሳ ከተማ አካባቢ፣ የተገኘ የእጅ ሥራ ነው። ጆርዳኖ ዳ ፒሳ የተባለ የዶሚኒካን መነኩሴ በ1306 በፍሎረንስ ባሰማው ስብከት፣ የመነጽር ጥበብ ከተገኘ ገና ሃያ ዓመት እንዳልሞላውና የጀመረውንም ሰው በዐይኑ እንዳየው ተናግሯል፤ ስሙን ግን አልጠራም። የዚያው ማኅበር አባል የሆነውና በ1313 ያረፈው አሌሳንድሮ ዴላ ስፒና፣ ጀማሪው ምስጢሩን ሊያካፍል ባለመፈለጉ በራሱ ሠርቶ ለሌሎች በደስታ እንዳስተማረ በገዳሙ ዜና መዋዕል ተመዝግቧል። ሳልቪኖ ዴሊ አርማቲ የተባለው ፍሎረንሳዊ ፈልሳፊ እስካሁን በአንዳንድ መጻሕፍት ቢጠቀስም፣ ይህ በ17ኛው መቶ ዓመት የከተማውን ክብር ከፍ ለማድረግ የተፈጠረ ተረት መሆኑን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል።

ዕቃው ገና ሲወለድ ገበያው ማጭበርበርን አስከትሎ መጣ። በቬኒስ የክሪስታል ሠራተኞች ማኅበር፣ ማለትም የተፈጥሮ ንጹሕ ድንጋይ እየቀረጹ ጌጥና ዕቃ የሚሠሩ ባለሙያዎች ስብስብ፣ በ1300 ባወጣው ደንብ ተራ መስታወትን ክሪስታል ነው ብሎ መሸጥን ከለከለ፤ በዝርዝሩም ለዐይን የሚሆኑ ክብ ሌንሶች ይገኙበታል። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ሻጩ መስታወት መሆኑን ሳይደብቅ እስከተናገረ ድረስ የንባብ መነጽር ከመስታወት ሠርቶ እንዲሸጥ ተፈቀደ። ስለ መነጽር የወጣው የመጀመሪያው ሕግ እንግዲህ የገዢውን ዐይን ሳይሆን ገንዘቡን የሚጠብቅ ነበር።

የዚያ ዘመን መነጽር ጆሮ ላይ የሚያርፍ ዘንግ አልነበረውም። እያንዳንዱ ሌንስ እጀታ ባለው ክብ ፍሬም ውስጥ ይገባና ሁለቱ እጀታዎች ጫፍ ለጫፍ በአንድ ምስማር ይያያዛሉ፤ ተጠቃሚው ምስማሩን እንደ ማጠፊያ ከፍቶ አፍንጫው ላይ ያጣብቀዋል፣ አለዚያም በእጁ ደግፎ ይይዘዋል። በሰሜን ጀርመን በቪንሃውዘን የሴቶች ገዳም በ1953 የመዘምራኑ ስፍራ ወለል ሲጠገን ከጣውላዎቹ ሥር እንዲህ ያሉ መነጽሮች ተገኝተዋል፤ ፍሬማቸው ከእንጨት በስሱ የተቀረጸ፣ ሌንሱ እንዲገባም በአንድ በኩል የተሰነጠቀ ነው፤ በዓለም ላይ ተጠብቀው ከቆዩት መነጽሮች ሁሉ ጥንታዊ ከሚባሉት ይመደባሉ። በሥዕል ከሚታወቁት ሁሉ የሚቀድመው መነጽር ደግሞ ቶማዞ ዳ ሞዴና በ1352 በትሬቪዞ ከተማ በዶሚኒካውያን ገዳም ግድግዳ ላይ የሣለው ሲሆን፣ ካርዲናል ሂዩ ዘሳን ሼር መነጽሩን አፍንጫው ላይ አድርጎ ሲጽፍ ያሳያል። ካርዲናሉ ያረፈው በ1263፣ መነጽር ሊገኝ ሃያ ዓመት ያህል ሲቀረው ነው፤ ሠዓሊው ግን ሊቅነቱን ለማሳየት ከመነጽር የተሻለ ምልክት አላገኘም።

እነዚህ ቀደምት መነጽሮች ሁሉ መሐላቸው ያበጠ ሌንስ ያላቸው ስለነበሩ የሚጠቅሙት የቅርብ ነገር ማየት ለተሳነው ብቻ ነበር። ሰው አርባ ዓመት ካለፈ በኋላ በዐይኑ ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ሌንስ እየደረቀ ለቅርብ ነገር መተጣጠፍ ያቅተዋል፤ መጽሐፉን እያራቀ ማንበብ የሚጀምረውም ለዚህ ነው። ቅርቡን እያየ ሩቁ ለሚደበዝዝበት ሰው የሚሆነው፣ መሐሉ የሰረጎደው ሌንስ የተስፋፋው በ15ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፣ የሥራው ማዕከልም ፍሎረንስ ነበረች፤ በኢየሩሳሌም ከነበረው ገዳማቸው የተላኩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በ1441 ለጉባኤ የገቡባት ይህችው የመነጽር ሠሪዎች ከተማ ናት። የሚላኑ መስፍን ፍራንቼስኮ ስፎርዛ በ1462 ለፍሎረንስ ወኪሉ በጻፈው ደብዳቤ፣ እንዳይሰበሩ በማኅደራቸው የተቀመጡ ሦስት ደርዘን መነጽሮች እንዲላኩለት አዝዟል፦ አንዱ ደርዘን ለሩቅ እይታ፣ ማለትም ለወጣቶች፣ ሁለተኛው ለቅርብ፣ ማለትም ለሽማግሌዎች፣ ሦስተኛው ለመካከለኛ እይታ። መስፍኑ በእግዚአብሔር ቸርነት እርሱ ራሱ መነጽር እንደማያስፈልገው፣ የሚጠይቁትን ሰዎች ለማስደሰት ብቻ እንደሚፈልገው ማስታወሱን አልዘነጋም፤ ዐይኑ ደክሟል እንዳይባል መጠንቀቁ መነጽር በማድረግ ማፈር የዛሬ ልጆች ብቻ ችግር እንዳልሆነ ይመሰክራል። ልጁ ጋሌያዞ ማሪያ በ1466 ሁለት መቶ መነጽር ሲያዝ ደግሞ ሌንሶቹ በአምስት አምስት ዓመት የዕድሜ ልዩነት ተለይተው እንዲመጡ ጠየቀ። የሚለብሰውን ሰው ዐይን ያየ ማንም የለም፤ ዕድሜው እንደ ልኬት ይወሰድ ነበር፣ ለቅርብ ንባብም በአብዛኛው ይሠራ ነበር።

በዚያው መቶ ዓመት አጋማሽ የኅትመት መሣሪያ ሲመጣ የአንባቢው ቁጥር ጨመረ፣ መነጽሩም ከመሳፍንት ስጦታነት ወርዶ የአዟሪ ሸቀጥ ሆነ። በለንደን የመነጽር ሠሪዎች ማኅበር በ1629 ከንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ የመቋቋሚያ ቻርተር ሲቀበል ከዋና ሥራዎቹ አንዱ የሥራውን ጥራት መቆጣጠር ነበር። በዚህ ዘመን የሚያስገርመው መጽሐፍ ግን በ1623 በስፔን በሴቪያ የታተመው የቤኒቶ ዳሳ ዴ ባልዴስ ሥራ ነው። ደራሲው ሐኪም ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሲሆን፣ የሌንስን ጉልበት በደረጃ ለክቶ ለየዕድሜው የሚስማማውን በሠንጠረዥ አስቀመጠ፤ ለሴቶች ሲሆን ከፍ ያለ ደረጃ የሰጠውም ከሚሠሩት ረቂቅ የስፌት ሥራ አንጻር ነው። ከከተማ ርቆ የሚኖር ሰው በደብዳቤ መነጽር ማዘዝ የሚችልበትንም መንገድ አመልክቷል።

ዘንጉ እጅግ ዘግይቶ የመጣ ነው። መነጽርን በራስ ቅል ጎን ላይ በሚያርፍ ዘንግ የመያዝ አሠራር የታወቀው በ1720ዎቹ መጨረሻ በለንደን ባለሱቅ በኤድዋርድ ስካርሌት ማስታወቂያ ነው፤ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሰው መነጽሩን ሲያስነጥስ እየጣለ ኖሯል ማለት ነው። ቤንጃሚን ፍራንክሊንም በ1785 በጻፈው ደብዳቤ፣ ለሩቅና ለቅርብ የሚሆኑትን ሌንሶች ለሁለት ቆርጦ በአንድ ፍሬም ማገጣጠሙን፣ ሁለት መነጽር መለዋወጥ እንደቀረለት ገልጿል። በፈረንሳይ ጁራ ተራራ በሞሬዝ፣ ምስማር ሠሪው ፒዬር ያሳንት ካዞ በ1796 ከሽቦ ፍሬም መሥራት ጀመረ፤ የሸለቆው ገበሬዎችም ክረምቱን በዚህ ሥራ ያሳልፉ ጀመር።

ሳይንሱ ገበያውን ለመያዝ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ሌንስ ዐይንን የሚያግዘው ብርሃኑ በዐይን ጀርባ ባለው ስስ ሽፋን ላይ በትክክል እንዲያርፍ በማድረግ መሆኑን ዮሐንስ ኬፕለር በ1604 ሲያስረዳ መነጽር ሦስት መቶ ዓመት አልፎት ነበር። የዐይን ፊት በአንድ አቅጣጫ ይበልጥ በመጉበጡ ምስሉ የሚጣመምበትን፣ አስቲግማቲዝም የሚባለውን ችግር ቶማስ ያንግ በ1801 አስረዳ፤ እንግሊዛዊው የከዋክብት ተመራማሪ ጆርጅ ኤሪ ደግሞ በ1825 ለራሱ ዐይን የሚሆን ልዩ ሌንስ አሠራ። እየወረደ የሚያንሰው የፊደል ሰሌዳ በኔዘርላንዳዊው ሐኪም ኸርማን ስኔለን በ1862 ተዘጋጀ፣ ዳዮፕተር የተባለው የሌንስ መለኪያ ሥራ ላይ እንዲውልም በ1872 ፈረንሳዊው ፈርዲናንድ ሞኖዬ ሐሳብ አቀረበ። የመነጽር ቁጥር ሲባል የሚነገረው ይህ ነው፤ ፕላስ ሁለት የሚባለው ሌንስ ከሩቅ የሚመጣውን ብርሃን በግማሽ ሜትር ርቀት ላይ ይሰበስባል፣ ማይነስ ሲሆን ደግሞ ይበትናል። መነጽር በሐኪም ማዘዣ መታዘዙ የተስፋፋው ይህ ቁጥር ከተገኘ ወዲህ ነው።

ከዚያም በኋላ ቢሆን ድሀው በማዘዣ መነጽር የገዛው ዘግይቶ ነው። በ1930ዎቹ የብሪታንያ ሠራተኞች በዉልዎርዝ ርካሽ መደብሮች ባንኮኒ ላይ የተደረደሩትን እየሞከሩ ይገዙ ነበር። በሐምሌ 1948 የብሔራዊ ጤና አገልግሎቱ ተመሥርቶ ምርመራና መነጽር በነጻ ሲሆን ፈላጊው ከግምት በላይ ጎረፈ፤ መንግሥት በ1951 የመነጽርንና የሰው ሠራሽ ጥርስን ግማሽ ዋጋ ሕዝቡ እንዲከፍል ሲወስን አገልግሎቱን ያቋቋመው አኒዩሪን ቤቫን ከሥልጣን ለቀቀ። አንድ ሚኒስትር በመነጽርና በሰው ሠራሽ ጥርስ ዋጋ ምክንያት ሥልጣን መልቀቁ የሕዝቡ ችግር ምን ያህል ተደብቆ እንደቆየ ያሳያል።

ጥቁር መነጽር የሌላ ሐረግ ተወላጅ ነው። በዋልታ አካባቢ የሚኖሩት ኢኑይቶች ከበረዶ የሚመለሰው ብርሃን ዐይን እንዳያቃጥል ከአጥንት፣ ከቀንድና ከእንጨት ስስ ስንጥቅ ያለው መከለያ ይሠሩ ነበር፤ ሌንስ የለውም፣ ብርሃኑን ግን ይቀንሳል። በ1752 ጄምስ አይስኮፍ የተባለ የለንደን ባለሙያ አረንጓዴና ሰማያዊ ሌንስ ለገበያ ያቀረበው ነጭ መስታወት የሚያሳልፈው ብርሃን ዐይንን ይጎዳል ብሎ ስላሰበ እንጂ ፀሐይን ለመከላከል አልነበረም። የፀሐይ መነጽር የብዙኃን ሸቀጥ የሆነው በ1929 ሳም ፎስተር በአሜሪካ በአትላንቲክ ሲቲ ባሕር ዳርቻ፣ ያው በዉልዎርዝ መደብር ውስጥ፣ ርካሽ የፕላስቲክ መነጽሮችን ሲሸጥ ነው። ኤድዊን ላንድ ከውኃና ከአስፋልት የሚመለሰውን ነጸብራቅ የሚያስቀረውን ፖላሮይድ ሽፋን በ1930ዎቹ ወደ ገበያ ሲያስገባ፣ ባውሽ ኤንድ ሎም ኩባንያ ለአብራሪዎች ያዘጋጀውን ሬይባን በ1937 ለሁሉ ሸጠ፤ የአሜሪካዊው ጄኔራል ማክአርተር የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ፎቶግራፎችም ከማስታወቂያ በላይ ሠሩለት። ከዚህ ወዲህ ጥቁር መነጽር ከዐይን ይልቅ የፊት ጉዳይ ሆነ፤ ገዢው መስታወት እየተመለከተ ይመርጣል፣ ሌንሱ ምን እንደሚያሳልፍ አይጠይቅም። ጥቁረት ራሱ መከላከያ አይደለም፤ በጥቁር ሌንስ ሥር የዐይን ብሌን ስለሚሰፋ፣ አልትራቫዮሌት የተባለውን የማይታይ ጨረር የማያግድ መነጽር ጭራሽ ካለማድረግ ሊብስ ይችላል። ዩቪ 400 የሚለው ጽሑፍ ያንን ጨረር ያግዳል ማለት ቢሆንም፣ መንገድ ላይ በሚሸጥ ዕቃ ላይ የተለጠፈ ወረቀት በራሱ ማስረጃ አይሆንም።

በኢትዮጵያ በ2006 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት የዓይነ ስውርነት ትልቁ ምክንያት የዐይን ሞራ ሲሆን፣ በከፊል የማየት ችግር ካለባቸው ሰዎች ደግሞ ሲሶው በመነጽር ሊታረም በሚችል ጉድለት የተቸገረ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እንዳስታወቀው በዓለም 826 ሚሊዮን ሰው የቅርብ ንባብ መነጽር አጥቶ ይኖራል። በሕንድ አሳም ሻይ ቃሚዎች ላይ በተደረገና በ2018 በታተመ ጥናት ዕድሜያቸው አርባና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ሠራተኞች ነጻ የቅርብ መነጽር መስጠት ብቻ ምርታማነታቸውን ከሃያ በመቶ በላይ ከፍ አድርጓል። ስለዚህ አርባ ዓመት አልፎት ጋዜጣ ማንበብ ወይም መርፌ ማስገባት ያቃተው ሰው ከአዟሪው ፕላስ አንድ ተኩል መርጦ ቢገዛ፣ ሁለቱ ዐይኖቹ እኩል እስካዩና ሌላ ሕመም እስከሌለው ድረስ፣ ፍሎረንሳውያኑ ያደርጉት ከነበረው የከፋ ነገር አያደርግም። ጥቁር ሰሌዳው የሚደበዝዝበት ተማሪ ግን ሌላ ነው፦ የአዟሪው የንባብ መነጽሮች ፕላስ ናቸው፣ ልጁ የሚፈልገው ደግሞ ማይነስ ነው፤ ልጁን ወደ ዐይን ምርመራ መውሰድ የወላጁና የመምህሩ ድርሻ ነው።