ፊደላችንና የሥርዓተ ክወናው በር

በጎንደር አድባራት ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው ይጽፉ የነበሩ ቁም ጸሐፊዎች ለአንድ ፊደል ሁለት ሥራ አልነበረባቸውም፤ ቅርጹን የሣለው ብርዕ ፊደሉንም መዝግቦ ያልፍ ነበር። ኮምፒዩተር ግን ሁለቱን ለያያቸው። ፊደሉ የሚቀመጠው በቁጥር ነው፤ ቅርጹ የሚገኘው ከፎንት ነው። ሁለቱ የሚገናኙት የጽሕፈት ወይም የግራፊክስ ፕሮግራሙ ሥርዓተ ክወናውን «ይህን ቁጥር በዚህ ፎንት፣ በዚህ ቦታ ሣልልኝ» ብሎ በሚጠይቅበት የፕሮግራም መገናኛ በኩል ነው። የፊደላችን የቅርብ ዘመን ታሪክ ያለፈው በዚህ በር ነው።

በዶስ ጊዜ ይህ ነው የሚባል የግራፊክስ መገናኛ ስላልነበረ የአማርኛ ፕሮግራም ሠሪዎች ፊደሉን ነጥብ በነጥብ ራሳቸው ይሥሉት ነበር። ከፈር ቀዳጆቹ አንዱ የሆኑት ፍሥሓ አትላው ድርጅታቸውን በስሜኑ ተራራ ስም «ዳሸን» ብለውታል።

እ.ኤ.አ. በ1992 ዊንዶውስ 3.1 ትሩታይፕ የተባለውን ፎንት ይዞ ሲወጣ ሥዕሉ የሥርዓተ ክወናው ሥራ ሆነ። ችግሩ በሩ መጥበቡ ነበር፤ በአንድ ፎንት የሚያሳልፈው ቢበዛ 256 ቁጥር ነው። የኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ሞልቶ ይፈሳል። ስለዚህ ፊደሉ በሁለትና በሦስት ፎንት ተከፋፈለ፤ የላቲን ፊደላትንም ቁጥር ተዋሰ። ዓይን «ጎንደር» ብሎ ሲያነብ ሥርዓተ ክወናው እንግሊዝኛ የሣለ ይመስለው ነበር። ወረቀቱ አምሮ ስለሚወጣ ጉዳቱ ቶሎ አልታየም። ሰነዱ ፎንቱ ወደሌለበት ኮምፒዩተር ሲሄድ ግን ትርጉም የለሽ የላቲን ድርድር ሆኖ ይቀራል፤ በፊደል ተራ ልደርድር ቢሉትም አይሆንም።

ዊንዶውስ ኤንቲ እ.ኤ.አ. በ1993 ሰፊውን በር ከፈተ፤ ነገር ግን ለኛ ፊደል የተመደበ ቁጥር ገና አልነበረም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 ዩኒኮድ 3.0 ለ345 ምልክቶቻችን ቦታ ሰጠ። ያን ጊዜ «ጎንደር» 4878፣ 4757፣ 4848፣ 4653 ሆነ፤ በየትኛውም አገር ቢሄድ ያው ነው። ቪስታ በ2007 ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ።

በሩ መከፈቱ ብቻ ግን አልበቃም፤ የግራፊክስ ፕሮግራሙ ሊገባበት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የመጨረሻው ፔጅሜከር እንኳ የሚያንኳኳው የድሮውን ጠባብ በር ነበር። በዚህ ፕሮግራም ገጽ የሚያቀናብሩ ሰዎች የድሮውን ፎንት አልለቅ ቢሉ፣ በእኔ አስተያየት፣ የስንፍና ጉዳይ አልነበረም።

የሙያ ባልደረቦቼን የሚጠብቀው ሥራ ከዚያ ዘመን የቀረው ሰነድ ነው። እያንዳንዱ ፎንት የራሱ የቁጥር ሠንጠረዥ ነበረው፤ በአንዱ «ሀ» የሆነው ቁጥር በሌላው «መ» ሊሆን ይችላል። ሰነዱ የፎንቱን ስም ይዞ ከተገኘ መገልበጡ ቀላል ነው። ጽሑፉ ብቻውን ተነጥሎ ከተቀመጠ ግን የፎንቱ ስም አብሮ ጠፍቷልና፣ የሚታወቁትን ሠንጠረዦች በየተራ እየሞከሩ ትርጉም ያለው አማርኛ የሚሰጠውን መለየት ያስፈልጋል።