የቆሎ ታሪክ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ እስከ ኦጎልቾ

በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ «አካዪ» የሚባለው ቆሎ፣ ማለትም በምጣድ ተቆልቶ የሚቆረጠም ደረቅ እህል፣ በደጋው ከገብስ፣ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ዝቅ በሚለው የኦጎልቾ አካባቢ ደግሞ ከስንዴም ይዘጋጃል። ለዚህ ተግባር በተለይ የሚወደደው ገለባው በቀላሉ የሚለቅ የገብስ ዓይነት ሲሆን፣ ስሙም «ሰነፍ ቆሎ» ነው። ይህ ስም ሙያን የሚያቃልል ሳይሆን የባለሙያዋን ድካም የቆጠረ፣ ውብ ስያሜ ነው። ሌላው ገብስ ግን ውሃ ተርከፍክፎበት በሙቀጫ ይሸከሸካል፤ በሰፌድ ተበጥሮ በጋለ ብረት ምጣድ ላይ ያለማቋረጥ ሲታመስ፣ በውስጡ ያለው እርጥበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፍሬውን ስለሚያሳብጠው፣ እየተንጣጣ ቡናማ ይሆናል፣ ሲበርድም ይንኮሻኮሻል።

ወደ ስንዴው ስንመለስ፣ በ1967 እ.ኤ.አ. በስዊድን ድጋፍ የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) የተሻሻለ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ በማሰራጨቱ፣ ስንዴ በአካባቢው ማሳ ላይ የያዘው ስፍራ ሰፋ፤ የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከልም በ2012 እ.ኤ.አ. የለቀቀውን የዳቦ ስንዴ ዝርያ «ኦጎልቾ» ብሎታል። ዝርያው የሚታወቀው በዳቦው ቢሆንም፣ ከምርቱ ለቆሎ የሚውለውን ድርሻ የሚወስነው ባለጎተራው ቤተሰብ ነው።