ከይፋግ የወይን ሐረግ እስከ ባቱ ሻርዶኔ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲኬድ ወረታን አልፎ ይፋግ ትገኛለች። መንገደኛው ዛሬ በዚያ የሚያየው የፎገራን ሩዝ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ይፋግ ስመ ጥር ገበያ ነበረች፤ በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለፉ የአውሮፓ ተጓዦችም ከገበያዋ ጋር የወይን ተክሏን አንስተው ጽፈዋል። ይህን የማነሳው ወይን ለጣና ዳር እንግዳ ነው የሚል ሰው ስለሚያናድደኝ ነው። ወይን በቤተ መቅደሳችን ከጥንት ጀምሮ አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ዘቢብ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆና ተጠልሎ ለቅዳሴ ሲቀርብ አይቶ መዝግቧል። የጣና ደሴቶች ዲያቆናት ዛሬም ለቅዳሴ ዘቢብ ይዘፈዝፋሉ።

አሁን በባሕር ዳር ሆቴሎች ከዓሣ ጥብስ ጋር የሚቀዳው ነጭ ወይን ግን ከሌላ ሐይቅ ዳር የመጣ ነው። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ በባቱ (ዝዋይ) ከመቶ ሄክታር በላይ ወይን ተክሎ፣ ጉማሬና ሌላ አውሬ እንዳይገባ ዙሪያውን ቦይ አስቆፍሮ፣ በ2014 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ጠርሙሶቹን ለገበያ አቀረበ። “ሪፍት ቫሊ” ከተባሉት ወይኖቹ አንዱ ሻርዶኔ ነው።

ሻርዶኔ የፈረንሳዩ ቡርጎኝ አካባቢ ተወላጅ ነው። ወላጆቹ ፒኖ እና ጉዌ ብላን የተባሉ ሁለት የወይን ዝርያዎች መሆናቸው በ1999 በዘረመል ምርመራ ተረጋግጧል። የራሱ ጠረን ረጋ ያለ ስለሆነ የበቀለበትን አፈርና የጠማቂውን እጅ በቀላሉ ያሳያል፤ የተለያዩ አምራቾችን ጎን ለጎን ለማወዳደር የተመቸውም ለዚህ ነው። ከቀዝቃዛው የቡርጎኝ ወረዳ ከሻብሊ ኖራማ አፈር የመጣው እንደ ሎሚ ስል ነው። በአዲስ የኦክ በርሜል የከረመው ቫኒላና ቅቤ ቅቤ ይላል።

የባቱውን ስትቀምሱ ከማቀዝቀዣ አውጥታችሁ ሩብ ሰዓት ያህል አቆዩት፤ በጣም የቀዘቀዘ ወይን ጠረኑን ይደብቃል። መጀመሪያ አሽትቱ፣ ከዚያ ትንሽ ጎንጨት አድርጋችሁ አፋችሁ ውስጥ አንከባልሉት። እኔ የማገኝበት የበሰለ ፍሬ ጠረንና ለስላሳ ኮምጣጣነት ነው፤ ፀሐይ የጠገበ ወይን መሆኑ ያስታውቃል። አጠገቡ የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካን ክሪስታል ቅዱ። ሻርዶኔ ተብሎ ባይሸጥም ደረቅ ነጭ ወይን ስለሆነ ልዩነቱን ምላስ ወዲያው ይለየዋል። ሦስተኛ ብርጭቆ ከተገኘ በበርሜል የከረመ የደቡብ አፍሪካ ሻርዶኔ ይሁን። ሎሚ ከተጨመቀበት የጣና ዓሣ ጋር የበርሜሉ ከባድ ነው፤ የባቱው ይሻላል። ዳጣው ከበረታ ግን ሦስቱም ይሸነፋሉ።

ስትቀምሱ የጠርሙሱን ጽሑፍ በወረቀት ሸፍኑት። በግንቦት 1976 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በፓሪስ የወይን ነጋዴው ስቲቨን ስፐሪየር ባዘጋጀው የፈረንሳይና የካሊፎርኒያ ወይኖች ውድድር፣ ፈረንሳውያን ዳኞች ስሙን ሳያዩ ቀምሰው ከነጭ ወይኖቹ አንደኛ ያሉት የካሊፎርኒያውን የሻቶ ሞንቴሌና የ1973 ሻርዶኔ ነበር። ጽሑፉ ቢታይ ኖሮ ለቡርጎኝ ይፈርዱ ነበር ብዬ አምናለሁ። በእኛም ዘንድ “የአገር ውስጥ ነው” ተብሎ ሳይቀመስ የሚገፋ ጠርሙስ ብዙ ነው።

ታዲያ ጣና ዳር ለምን የራሱ ወይን አይኖረውም? ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል፤ ይህ ለወይን ደግ ነው። ችግሩ ክረምቱ ነው። ባሕር ዳር ከባቱ እጅግ የበለጠ ዝናብ ታገኛለች፣ እርጥብ ቅጠልም ሻጋታን ይጠራል። ሆኖም በእኛ የአየር ጠባይ ወይን እንደ አውሮፓ በብርድ ስለማይተኛ ወቅቱን የሚወስነው ገራዡ ነው። ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ቢገረዝ ፍሬው በበጋ ይበስላል። የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በይፋግ አካባቢ ሻርዶኔንና ሌሎች ዝርያዎችን በትንሽ መሬት ተክለው ይሞክሩልን።